የተቀባዩ ፊት፦ ከዑመር (ረ.ዐ.) የዱቄት ጆንያ እስከ እጃችን ስልክ



ረመዳን በገባ ቁጥር ስልካችን በአንድ ዓይነት ፎቶ ይሞላል። አንዲት እናት ሻርፗን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ቆማለች። እግሯ ሥር አንድ ከረጢት ዱቄት፣ አምስት ሊትር ዘይት፣ አንድ ፓኬት ቴምር ተደርድሯል። ከጎኗ ሁለት ሦስት ወጣቶች የጀመዓቸውን ባነር ዘርግተው ፈገግ ብለዋል። እሷ ግን ፈገግ አላለችም። ከሥሩ «ማሻአላህ»፣ «ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» የሚል አስተያየት ይጎርፋል።

ልጆቹ ለአላህ ብለው እንደወጡ አንጠራጠርም። ጾማቸውን ይዘው፣ የባጃጁን ከኪሳቸው ከፍለው፣ በፀሐይ ሲንከራተቱ የዋሉ ናቸው። ጥያቄያችን ስለ እነሱ ኒያ አይደለም፤ ኒያን የሚያውቀው አላህ ነው። ጥያቄያችን ስለ እናትየዋ ነው። ያ ፊት የማን ነው? ለአንድ ከረጢት ዱቄት አብሮ የሚሰጥ ነገር ነውን?

እኛ በሐሙሲት የመስጂድ የሰደቃና የዘካ መዝገብ በመያዝ ከሚያግዙት ውስጥ ነን። ሐሙሲትን የማታውቁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታና ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ስሟን ከሐሙስ የወሰደች የደራ የገበያ ከተማ ናት። ትንሽ ናት። አዲስ አበባ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ ቢለጠፍ ጎረቤቱ ሳያየው ሊቀር ይችላል። እዚህ ግን ፊቷን ብታደበዝዙት እንኳ በሻርፗ ቀለም፣ ከኋላዋ ባለው የቆርቆሮ በር ያውቋታል። ልጇ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጓደኞቹ አይተውታል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። ሶሻል ወርክ የሚባለው ሙያ ሲወለድም፣ የሥነ ምግባር ደንቡ ሲጻፍም፣ ይኸው ጥያቄ መሐል ላይ ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሀገራችን ትልቅ ቦታ አላት፤ ቦታዋ ግን የሚያኮራ ብቻ አይደለም።

ከራሳችን ታሪክ እንጀምር። የኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ.) የሌሊት ታሪክ ከእኛ ውስጥ ያልሰማ የለም። አጦበሪይ ከዘገቡት ውስጥ ነው። ዑመር ከአገልጋያቸው ከአስለም ጋር ከመዲና ወጣ ብለው ሳለ እሳት ያያሉ፤ ሲጠጉ አንዲት ሴት ባዶ ውኃ ጥዳ ልጆቿን በተስፋ ታስተኛለች። ዑመር ወደ ግምጃ ቤቱ ተመልሰው የዱቄት ጆንያ በራሳቸው ጀርባ ይሸከማሉ። አስለም ልሸከምልዎ ቢላቸው፣ በቂያማ ቀን ሸክሜን አንተ አትሸከምልኝም የሚል መልስ ይሰጡታል። ከዚያ ራሳቸው እያራገቡ አብስለው ልጆቹ እስኪጠግቡ ይጠብቃሉ።

ይህን ታሪክ ዳዒዎቻችን የሚያነሱት ስለ መሪ ትሕትና ነው፤ ትክክል ነው። እኛ ግን ሁለት ነገር እንጨምርበት። ሴትየዋ የረዳትን ሰው ማንነት አላወቀችም፤ እንዲያውም አንተ ከአሚሩ ይልቅ ለሥልጣን ትገባለህ ብላ አመሰገነችው። ዘገባው ደግሞ የሴትየዋን ስም አይነግረንም። ሰጪውም ራሱን አላስተዋወቀም፣ ተቀባይዋም በስም አልተነሳችም። ታሪኩ ግን ይኸው ከ1,300 ዓመት በላይ ኖሮ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ሁለተኛው ታሪክ የዐሊይ ኢብኑል ሑሰይን፣ ዘይኑል ዓቢዲን የሚባሉት ናቸው። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የልጅ ልጅ የሑሰይን ልጅ። በ94 ወይም በ95 ሂጅሪ መዲና ላይ አረፉ። በሕይወት ሳሉ ቆጣቢ ናቸው እየተባለ ይታሙ ነበር። ሲሞቱ ግን በመዲና ያሉ ብዙ ቤቶች በሌሊት በራቸው ላይ ይደርሳቸው የነበረው ምግብ ቆመ። ገላቸውን ያጠቡት ሰዎችም ጀርባቸው ላይ የሸክም ጠባሳ አገኙ። ያን ጊዜ ነው ማን ሲያደርስ እንደኖረ የታወቀው። ዘይኑል ዓቢዲን የደበቁት ራሳቸውን ብቻ አይመስለንም። በሌሊት የመጣ ሰው የጎረቤትንም ዓይን ይሸሻል። ቤቱ ችግረኛ መሆኑን ሰፈሩ እንዳያውቅ ያደርጋል።

በቁርኣን ውስጥ አል-በቀራ ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ስለ ሰደቃ የመጡትን አንቀጾች አንድ ላይ አንብቧቸው። ሰደቃን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን ይነግረናል፤ ስለዚህ ገልጾ መስጠት ሐራም ነው የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት። ደብቆ ለድሃ መስጠት ግን የበለጠ መሆኑንም እዚያው ይነግረናል። ሰደቃን በመመጻደቅና ተቀባዩን በማስከፋት ማበላሸት እንደሚቻል ያስጠነቅቃል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ከልመና ስለሚቆጠቡ፣ የማያውቃቸው ሰው ሀብታም ናቸው ብሎ ስለሚገምታቸው ድሆች ይናገራል። እነዚህን ሰዎች ነው ፎቶው በቀላሉ የሚያባርራቸው። ባነር ካለበት ቦታ አይመጡም። እኛ መዝገብ ይዘን ስንቀመጥ የምናየው ይህንኑ ነው። በጣም የተቸገረው ሰው ሰልፉ ላይ የለም፤ ሰልፉ ሲበተን፣ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ፣ «ለአንዲት ጎረቤቴ ነበር» እያለ የሚመጣ ነው።

አሁን አንድ ብዙ ያልተነሳ ነጥብ። አት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸውን ስምንት ወገኖች ሲዘረዝር ከድሃና ከሚስኪን ቀጥሎ በዘካው ላይ የሚሠሩትን ሠራተኞች ያነሳል። ሰብሳቢው፣ ቆጣሪው፣ አከፋፋዩ ከዚያው ይከፈለዋል። ችግረኛን መርዳት በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ደግነት ብቻ ሳይሆን ዕውቀት የሚጠይቅ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት፣ ተጠያቂነት ያለበት ሥራ መሆኑ ሶሻል ወርክ የሚል ቃል ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ተደንግጓል ማለት ነው።

አቡ ዩሱፍ (እ.ኤ.አ. 798 የሞቱት የአቡ ሐኒፋ ተማሪ) ስለ ግብር በጻፉት ኪታብ ውስጥ የሚገኘው የዑመር ሌላ ታሪክም ወደዚህ ይወስደናል። ዑመር አንድ የሚለምን ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ ያገኛሉ። ቤታቸው ወስደው ያላቸውን ይሰጡታል። በዚያ ግን አላቆሙም። ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ትእዛዝ አስተላለፉ፦ እሱንና እሱን የመሰሉትን እያቸው፣ ጂዝያውም ይነሣላቸው። የአንድ ሰው ችግር ወደ ሕግ ተለወጠ። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሚቀበለው የዑመርን ርኅራኄ ሳይሆን ሐቁን ነው። ሃይማኖቱም አልከለከለውም። ከዚያ በ88 ሂጅሪ የኡመያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ቋሚ ድጎማ መደበ፣ ለዓይነ ስውራን መሪ፣ መራመድ ለማይችሉ አገልጋይ ሰጠ፤ ሰውን እንዳይለምኑም አለ። አል-ወሊድን በሁሉ ነገር አናወድሰውም፤ ይህን ግን አድርጓል።

ወቅፍን ሳናነሳ አናልፍም። ኢብኑ በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1326 ደማስቆ በደረሰ ጊዜ ያየውን ነገር ጽፎልናል። አንድ ልጅ፣ ባሪያ ነው፣ የቻይና ሸክላ ሳህን በመንገድ ላይ ከእጁ ወድቆ ይሰበርበታል። ጌታው ሊመታው ነው። ሰዎች ተሰብስበው ስባሪውን ልቀምና ወደ ዕቃ ወቅፉ ኃላፊ ውሰደው ይሉታል። ኃላፊው ስባሪውን አይቶ የሳህኑን ዋጋ ይከፍለዋል። ለተሰበረ ሳህን የተለየ ወቅፍ! አንድ ሀብታም ከሞተ በኋላ በስንት ዓመቱ፣ ለማያውቀው ልጅ፣ ከዱላ ማምለጫ ትቶለት ሄደ። ኢብኑ በጡጣም ይህ ወቅፍ የልብ ስብራት እንደሚጠግን ጽፏል። የኢስታንቡል ሰዎች ደግሞ በዑስማኒያ ዘመን ስለነበረ አንድ ልማድ ይተርካሉ። ባለጸጋው ወደማያውቀው ሰፈር ሱቅ ገብቶ የዱቤ ደብተሩን ያስከፍታል፤ ከመጀመሪያ ይህን ያህል ገጽ፣ ከመጨረሻ ይህን ያህል ገጽ ደምር ይልና ከፍሎ ይሄዳል። ባለዕዳው ማን እንደከፈለለት፣ ከፋዩም ለማን እንደከፈለ አያውቅም። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞች፣ የዱቤ ደብተር በሐሙሲትም አለ፣ በወረታም አለ።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ድሆቹን እንዲረዳ አስገደደ፤ ይህ መልካም ነው። በ1697 የወጣው ሕግ ግን እርዳታ የሚቀበል ሰው ሁሉ በልብሱ ቀኝ ትከሻ ላይ ድሃ መሆኑን የሚያመለክት ፊደል፣ ከአጥቢያው ስም መነሻ ጋር፣ ሰፍቶ እንዲሄድ አዘዘ። የሚስቱና የልጆቹም ልብስ ላይ ጭምር። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ሰው አፍሮ እንዳይመጣ። ድንጋጌው እስከ 1810 ድረስ ሳይሻር ቆየ። እኛ ይህን ስናነብ ሳናስበው የዛሬው ፎቶ ትዝ አለን። የጨርቁ ምልክት እንኳ ይቀደዳል፤ የተለጠፈ ፎቶ ግን ይወርዳል ብትሉም ከአንዱ ስልክ ወደ አንዱ ተላልፏል።

የዛሬው ሶሻል ወርክ የተወለደው ከዚያ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት አደራጅ ማኅበር ለድሃ ከመስጠት በፊት ቤቱን ሄዶ ማየት፣ መጠየቅ፣ መመዝገብ ያስፈልጋል አለ። ሐሳቡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ችግሩ ጎብኚዎቹ ድሃውን «የሚገባው» እና «የማይገባው» ብለው ይከፍሉ ነበር፤ ሰካራም ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ይለፈው። እዚያው አሜሪካ ጄን አዳምስ በ1889 ቺካጎ ውስጥ ኸል ሀውስን ከፍታ ሌላ መንገድ አሳየች፦ ከድሆቹ ጋር በአንድ ሰፈር መኖር፣ ከደግነት ይልቅ ስለ ደመወዝና ስለ ፋብሪካ ሕግ መታገል። ሜሪ ሪችመንድ ደግሞ በ1917 ባሳተመችው መጽሐፍ የሰውን ችግር እንደ ሐኪም በሥርዓት መመርመርን አስተማረች።

የሥነ ምግባሩ ጉዳይ በቅጡ የተጻፈው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፌሊክስ ቢስቴክ የሚባል በቺካጎ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የካቶሊክ ቄስ በረዳትና በተረዳ መካከል ስላለው ግንኙነት ሰባት መርሆች አወጣ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ይማሩታል። በራሳችን ቋንቋ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው። የመጣብህን ሰው እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሰው እየው እንጂ «ድሆች» በሚል ጆንያ አትክተተው። ያመመውን እንዲናገር ፍቀድለት። አንተ የራስህን ስሜት ግዛ። እንዳለ ተቀበለው። አትፍረድበት። ስለ ሕይወቱ የሚወስነው እሱ ራሱ ይሁን። የነገረህን ጠብቅለት። የመጨረሻውን እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፣ አማና። ቄሱ ከሌላ እምነት ይሁን እንጂ ትክክለኛ ነገር ከማንም አንደበት ቢመጣ ትክክል ነው፤ ሸይኾቻችን ያስተማሩን እንዲህ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ። በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ። ሀገሪቱ ባዶ አልነበረችም፤ እድር ነበራት፣ ማኅበር ነበራት፣ በእኛም ዘንድ የሰፈር ጀመዓና ዘካ ነበር። እድር የሚገርም ሥነ ምግባር አለው፦ ተቀባዩ ራሱ አባል ስለሆነ ሲቀበል አያፍርም፤ ነገ ተራው የሌላው ነው። ችግሩ ወርኃዊ መዋጮ መክፈል የማይችለው ሰው ከእድሩም ውጭ መሆኑ ነው። ያንን ሰው ነበር ሙያው ሊደርስለት የሚገባው።

ከዚያ ወሎ መጣ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ዝም አለ። ካለቁት ውስጥ እጅግ ብዙው ሙስሊም ገበሬና አርብቶ አደር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ዓለም አወቀ፣ እርዳታ መጣ። ምስሉ ሰው አድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ታሪኩ በዚያ አላበቃም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር ቀጥሎ በሀገሪቱ ቴሌቪዥን አሳየው። የንጉሡ ዝምታ ይወቀስ፤ ያስወቅሳል። ይሁንና እነዚያ የተራቡ እናቶች ለዚህ ዓላማ ፊታቸውን ሰጥተው ነበርን? ማን ጠየቃቸው? በሕይወት የተረፉት ራሳቸው ፊልሙን አይተውት ይሆን? ቴሌቪዥን የነበረው አዲስ አበባ እንጂ ራያ አልነበረም።

ከዚያ ደግሞ የሚያስቆጨን ነገር ሆነ። በአብዮቱ ማግሥት የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርቱ ወደ ሶሺዮሎጂ ታጠፈ። ባለሙያ እጅግ በሚያስፈልግበት ዘመን ሀገሪቱ 30 ዓመት ያህል ያለ ትምህርት ቤቱ ኖረች።

በዚያ ባዶ ዘመን መሐል የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደረሰ። የደርግ መልስ አንዱ ሰፈራ ነበር። ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ከጣና በስተምዕራብ ወዳለው ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ የመጡትም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ወዶ የሄደ ነበር፤ እህል ሊቀበል ወይም ገበያ ሊወጣ ሄዶ በዚያው የተጫነም ነበር። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ ተለያይቷል። ቆላውን የማያውቅ ደገኛ በወባ አልቋል። የቦታው ባለቤት የነበረውን የጉሙዝ ሕዝብም የጠየቀው የለም። ዓላማው ሰውን ከረኃብ ማዳን ነው ተብሎ ነበር። «ለእነሱ የሚበጀውን እኛ እናውቃለን» ማለት የት እንደሚያደርስ ለማሳየት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለንም። ቢስቴክ ስለ ሕይወቱ የሚወስነው እሱ ራሱ ይሁን ያለው የመጽሐፍ ቃል ብቻ አይደለም።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ ከኮረም የተቀረጸው ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ድምፁ የማይክል በርክ ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ግን ወንድማችን ሙሐመድ አሚን ነው፣ ናይሮቢ የተወለደ ኬንያዊ። ዘገባው በዓለም ዙሪያ ከ400 በሚበልጡ ጣቢያዎች ታየ። በቀጣዩ ሐምሌ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የሚባል ኮንሰርት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። ሙሐመድ አሚን በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ እጁን አጣ፤ በኅዳር 1996 በኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ። አላህ ይዘንለት። ስንት ነፍስ በካሜራው ሰበብ እንደተረፈ አላህ ያውቃል። ስለዚህ ካሜራ ሁሉ ኃጢአት ነው ልንል አንችልም፤ አንልምም።

በዚያው ኮንሰርት ላይ በትልቅ ስክሪን የታየ የካናዳ ቴሌቪዥን ምስል ነበር፤ ልትሞት የተቃረበች ትንሽ ልጅ። ልጅቷ ተረፈች። ብርሃን ወልዱ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ በተካሄደው ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ፣ አድጋ ወጣት ሴት ሆና፣ ያ የሞት ምስሏ በስክሪን ከታየ በኋላ በብዙ ሺህ ሰው ፊት ቆመች። በሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜዋ የተወሰደ አንድ ምስል ሃያ ዓመት ተከትሏት መጣ። መልካም ሆኖላታል፤ አልሐምዱሊላህ። ስማቸውን የማናውቃቸው፣ በዚያው ሳምንት የተቀረጹት ሌሎቹስ?

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ረኃብ የዓለምን ሕግ ቀየረ። በ1984 እና 1985 የታዩት ምስሎች ባስነሱት ክርክር የተነሳ የአውሮፓ የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቁ። በ1994 ደግሞ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ እንቅስቃሴ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ባወጣው አሥር ነጥብ ያለው ደንብ ውስጥ፣ አደጋ የደረሰበት ሰው በማስታወቂያ ላይ ክብር ያለው ሰው ሆኖ እንጂ ተስፋ የሌለው ዕቃ ሆኖ እንዳይታይ ተደነገገ። እርዳታ በዘርና በሃይማኖት እንዳይለይም እዚያው አለ። ደንቡ የተወለደው በእኛው እናቶች ፊት ነው። ዛሬ ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች የፈቃድ ፎርም ሳያስሞሉ ፎቶ ማንሳት ሲከለክሉ፣ የእኛ ልጆች የዚያችው እናት የልጅ ልጅ ላይ ስልክ ይደቅናሉ።

አንዳንድ ወንድሞች መልስ አላቸው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። «ፎቶው ገንዘብ ያመጣል። ያለ ፎቶ 20 ቤት የምንደርስ ከሆነ በፎቶ 60 ቤት እንደርሳለን። የአንዷ ማፈር ይበልጣል ወይስ የአርባው ቤት መራብ?» ፈላስፎች ይህን ዓይነቱን ሒሳብ ያውቁታል፤ እንግሊዛዊው ቤንታም ያስተማረው የብዙኃኑን ጥቅም መደመር ነው። ጀርመናዊው ካንት ደግሞ ሰውን ለሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አድርጋችሁ አትጠቀሙበት፣ ለአርባም ቢሆን፣ የሚል ነው። በእኛ ዑለሞች ዘንድም መስለሓ አለ፣ ጉዳትን መከልከልም አለ። ኢማም አል-ገዛሊ ሸሪዓ የሚጠብቃቸው ያሏቸው አምስት ነገሮች ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ አእምሮ፣ ዘርና ገንዘብ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንት የሰውን ክብር፣ ዒርድን፣ ስድስተኛ አድርገው ጨምረዋል። የኛ አስተያየት ይህ ነው፦ ኮረም ላይ ነፍስ ነበር በሚዛኑ የተቀመጠው፤ ዓለም ባያይ ሰው ያልቅ ነበር። የኛ የረመዳን ከረጢት ግን እዚያ ደረጃ የለም። ለጋሹ የሚፈልገው ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ ፊት መሆን የለበትም። የጆንያው ፎቶ፣ የሱቁ ደረሰኝ፣ ሁለት ሰው የፈረመበት ሒሳብ ይበቃል። አይበቃኝም ፊት አሳዩኝ የሚል ለጋሽ ካለ፣ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

«ግልጽነትስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር የሚሠራው ሴፍቲኔት የተመረጡትን ሰዎች ዝርዝር ቀበሌው ላይ ይለጥፋል፣ ለሕዝብ ያነባል። የዚያ ምክንያት አድልዎን መከላከል ነው፤ አመራሩ ዘመዱን እንዳይጽፍ። የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ሕዝቡ የመጠየቅ መብት አለው፣ ያልተጻፈውም አቤት ይላል። እኛ ይህን አንነቅፍም። ዝርዝር ማንበብና ፊትን በፌስቡክ መበተን ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ለተቀባዩ መብት የቆመ ነው፤ ሁለተኛው ለሰጪው ስም። በመስጂድ ደረጃ ደግሞ ሦስት የታመኑ ሰዎች መዝገቡን ቢያዩት አድልዎውም ይታያል፣ ሚስጥሩም ይጠበቃል።

አማና ሲባል ግን ሁሉን መደበቅ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። አንድ አባት መጥቶ የ14 ዓመት ልጁን ሊድር መሆኑን በሚስጥር ቢነግረን ዝም እንላለን? አንልም። በሀገሪቱ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። የሶሻል ወርክ ደንቦችም ሌላ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ሲመጣ ሚስጥር ጠባቂነት ወሰን እንዳለው ይናገራሉ። ሚስጥር የሚጠበቀው ለደካማው ጥበቃ ነው፤ ደካማው ላይ ግድግዳ ሆኖ ከቆመ ሚስጥር አይባልም። መጀመሪያ አባቱን በጥሩ ቋንቋ መምከር፣ የሰፈር ሽማግሌና ሸይኽ ማስገባት፣ አልሰማ ካለ ጉዳዩን ለሚመለከተው ማድረስ። ለአባቱም ይህን እንደምናደርግ ቀድመን መንገር አለብን፤ ከኋላው መሄድ ሌላ ክህደት ነው።

ሌላው ከዓረብ አገር የሚመለሱት እህቶቻችን ጉዳይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ አብዛኞቹ ከወሎ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ። ሌሎችም ከዚያ ወዲህ መመለሳቸውን አላቆሙም። አንዳንዷ ደመወዟን ተነጥቃ፣ አንዳንዷ ተደብድባ፣ አንዳንዷ ለእናቷ እንኳ የማትነግረው ነገር ደርሶባት ትመጣለች። ከዚያ «ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ታሪክሽን ንገሪን» የሚል ባለካሜራ ይቀድማታል። እህታችን መናገር ከፈለገች ትናገር፤ የሷ ነው። የተጠየቀችው ግን የአልጋና የምግብ እርዳታ ሊሰጣት በሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ እሺታዋ እሺታ አይደለም። የተራበ ሰው ፈቃድ እንዴት እንደሚፈርም እናውቃለን። መጀመሪያ ይሰጥ፤ ከዚያ፣ ሳምንት ቆይቶ፣ እምቢ ማለት እንደምትችል ከተነገራት በኋላ ይጠየቅ።

የሶሻል ወርክ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ አገዘው፣ የሚያግዘውም ክፍል በጄን አዳምስ ስም የሚጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎንደርን ጨምሮ በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በየከተማው የተመረቁ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊ ናቸው፣ ወይም ቢሮ ውስጥ ቅጽ ይሞላሉ። መስጂዶቻችን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፣ ኤሌክትሪክ የሚጠግን ይፈልጋሉ፤ ይህን የተማረ ሰው ግን የሚጠራ ጀመዓ ብዙም አላየንም። አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢሰጠው፣ ቤት ለቤት የሚሄዱትን ልጆች እንዴት በር እንደሚንኳኳ፣ ምን እንደማይጠየቅ፣ ምን እንደማይጻፍ ሊያስተምራቸው ይችላል። ዘካውን የሚሠራ ሠራተኛ ከዘካው እንደሚከፈለው ከላይ አይተናል፤ ለትምህርቱ ቢከፈለውም ዲኑ አይቃወምም።

በኛ በኩል የዘንድሮው ረመዳን አሠራር ይህ ነው፤ የሚጠቅመው ጀመዓ ይውሰደው። መዝገቡ ሁለት ነው። በአንደኛው ስምና ሰፈር አለ፤ የሚያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ቁልፉም አንድ ሰው ጋ አይደለም። በሁለተኛው ቁጥር ብቻ አለ፦ ይህን ያህል ቤት፣ ይህን ያህል ኩንታል፣ ይህን ያህል ብር፣ ደረሰኙም ተያይዞ። ሁለተኛው ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በዚህ ገጽም ይወጣል። ዕቃው የሚደርሰው ከዒሻ በኋላ በሁለት ሰው ነው፤ ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት እህቶች ይሄዳሉ። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆያል። ሱቆቹ ላይ የዱቤ ደብተር ለማዘጋት የሚፈልግ ሰው ካለ ባለሱቁን እናገናኘዋለን፤ የባለዕዳውን ስም ግን አይጠይቀን።

ወላሁ አዕለም።